አንድም ያልረገፈበት ካርድ

ከከተማው ሰው ሁሉ ኤልቪራ ሳዋትስኪ ካርድ የማትልክለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ኦረስት ኮቫልቹክ ነው።

ለሌላው ሁሉ ትልካለች። ልጅ ለተወለደለት፣ ልጁን ለዳረ፣ ሐሞቱን በቀዶ ሕክምና ላስወጣ፣ ስንዴውን በረዶ ለመታበት፣ ውሻው ለሞተበት ሳይቀር ትልካለች። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የስንዴ ሜዳ መሀል እንደዚያች ባለች ትንሽ ከተማ የሰው ጉዳይ ለመስማት ጆሮ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ኤልቪራ ግን ሰምታ ዝም ማለት አይሆንላትም። በፊት ለፊቱ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ያበጀላት ረጅም ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ በየቀለሙ የተደረደረ ወፍራም ወረቀት፣ በትንንሽ ጠርሙስ የተቀመጠ እንደ ዕንቁ የሚያንጸባርቅ ቀለም፣ የወርቅና የብር መልክ ያለው ፎይል የሚባል ስስ የብረት ወረቀት፣ ፈርጥ፣ ማኅተም፣ ወረንጦ፣ ሲሞቅ ቀልጦ እንደ ብር የሚረጋ ዱቄት ሞልቷል። ከሁሉም በላይ ግን ብልጭልጭ የምትለው ደቃቅ የሚያብረቀርቅ ዱቄት አለ። ብልጭልጩን በጨው መነስነሻ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። አንድ ጊዜ እንግዳ ተሳስቶ እንቁላሉ ላይ ነስንሶ በልቷል፤ ምንም አልሆነም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጎረቤቷ ፈርንና ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶች ይመጣሉ። ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ያወራሉ፣ ያማሉ። ወደየቤታቸው ሲሄዱ ቅንድባቸው ሳይቀር ያብለጨልጫል።

ኦረስት ያን ጊዜ የገጠሩን ፖስታ በመኪና እየዞረ የሚያድል ሰው ነበር። ነገሩ የተበላሸው በአንድ መጸው፣ በከተማው አዳራሽ በተደረገው የመከር እራት ላይ ነው። ሰው የቱርክ ዶሮውንና ፐሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ በልቶ ሲያበቃ፣ የሚናገር ካለ ተብሎ ሲጠየቅ ኦረስት ተነሣ። በሰው ፊት የሚናገር ሰው ስላልነበረ አዳራሹ ጸጥ አለ።

«የኤልቪራን ብልጭልጭ በተመለከተ ነው» አለ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ። «መኪናዬ ውስጥ አለ። ሳንድዊቼ ውስጥ አለ። ወንድሜን የቀበርኩ ዕለት መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ፊቴ እንደ ገና ዛፍ ሲያብለጨልጭ ነበር።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛ የመታም አለ። ኦረስት ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፣ ሳቁ አላስነግር አለውና ቁጭ አለ። ኤልቪራም አብራ ሳቀች፤ ሁሉም ዞሮ እያያት ምን ታድርግ። ቤቷ ስትገባ ግን ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛዋ ፊት ቆማ ቀረች። ያን ቀን ፊቱን ያብለጨለጨው ለወንድሙ ለታራስ ሞት የላከችለት ካርድ ነበር። በላዩ ያለውን የስንዴ ዛላ ፍሬ በፍሬ ነው የለጠፈችው። የሰውየውን ሐዘን መሳቂያ አደረግኩበት ማለት ነው ብላ አሰበች። ቀጥላ ደግሞ፣ አይ፣ እኔን ነው መሳቂያ ያደረገኝ ብላ ተናደደች። ንዴቱ ከሐፍረቱ ይሻል ስለነበር እሱን ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ለኦረስት ካርድ አልላከችም። አብረው ትምህርት ቤት የሄዱ፣ ከልጅነት ጀምሮ አንተ አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው፤ ከዚያ እራት በኋላ ግን ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ «ደህና ዋሉ፣ አቶ ኮቫልቹክ» ትለዋለች። እሱም ኮፍያውን ነካ አድርጎ «ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ ሳዋትስኪ» ይላታል። በዚሁ ስድስት ዓመት ሄደ። ኦረስት ፖስታውን ለአንዲት ወጣት ሴት አስረክቦ ጡረታ ወጣና መንገድ ዳር ባለው እርሻው ላይ ተቀመጠ። ሚስት አላገባም፤ ከአንድ ድመትና ጋራዥ ከሞላ መሣሪያ ጋር ይኖራል።

በየካቲት ወር አንድ ጠዋት ኤልቪራ ወደ ጎረቤት ከተማ ልትሄድ መኪናዋን አሞቀች። እዚያ የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ወረቀት መጥቷል ብለው ደውለውላት ነበር። ፈርን ከበረንዳዋ ሆና «ሰማዩን አይተሽዋል?» አለቻት።

«እኔ የምነዳው መሬት ላይ ነው» አለችና ሄደች።

ሱቁ ውስጥ ብዙ ቆየች። ወረቀቱን በመብራት ሥር ወዲያ ወዲህ እያዘነበለች ስታይ፣ ከሻጯ ጋር ስታወራ፣ ሰዓቱ ሳይታወቃት ሄደ። ስትመለስ መንገዱ ግማሽ ላይ ነፋሱ ተነሣ። በረዶው ከሰማይ ይምጣ ከመሬት ይነሣ መለየት አልተቻለም፤ ፊት ለፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ቀስ ብላ ስትሄድ አንዱ ጎማ ሸርተት አለና መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ገባች። ስልኳን አወጣች፤ መስመር የለም። ሞተሩን አስነሥታ ትንሽ ከሞቀች በኋላ የጭስ ማውጫው በበረዶ ይደፈንና ታፍኜ እሞታለሁ ብላ አጠፋችው። የክረምት ቦት ጫማዋን ሱቅ ለሱቅ ለመዞር አይመቸኝም ብላ ቤት ትታው ነበር። እግሯ መጀመሪያ ቆረጠማት፣ ከዚያ አቃጠላት፣ ከዚያ ምንም አላላትም። የፈራችው ያኔ ነው። ልጆቿ ሩቅ ናቸው፤ ፈርን ደግሞ «አየሩን አይታ እዚያው አድራለች» ትላለች። የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም ብላ እያሰበች ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ።

ሻርፑ በረዶ ጠጥቶ ደርቆ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ የቆመው ኦረስት ነበር። ከኋላው የትራክተሩ ሁለት መብራቶች በነጩ ውስጥ ቢጫ ሆነው ይታያሉ።

«ወይዘሮ ሳዋትስኪ» አለ።

«አቶ ኮቫልቹክ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«ይወጣሉ ወይስ እዚሁ ይከርማሉ?»

«በሩ አልከፈት ብሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ኩርፊያው መስሎኝ።»

በሩን በብረት ፈልቅቆ ከፈተው። ልትቆም ስትሞክር እግሯ ከዳት፤ ሳይጠይቃት አንሥቶ ተሸከማትና ትራክተሩ ላይ አወጣት። እሱም እንደ እሷ ዕድሜው የገፋ ነው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጭ ነበር። ቤቱ አድርሷት ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጣት፣ ለብ ያለ ውኃ በገንዳ አምጥቶ ሙቀቱን በክርኑ ለካ፣ ተንበርክኮ ካልሲዋን አወለቀና እግሯን ነከረው። ስሜቱ ሲመለስ አመማት፤ ጠረጴዛውን ጨብጣ ቻለችው። እሱም የቀይ ሥር ሾርባ ቀዳላት።

«እንዴት አወቁ?» አለችው በመጨረሻ።

«ጠዋት ሲያልፉ አየሁ። ሲመለሱ አላየሁም።»

«መስኮት ላይ ተቀምጠው ሰው ይጠብቃሉ ማለት ነው?»

«ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ማን እቤቱ እንዳለ ማን እንደሌለ ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። ፈርን ጋ ደወልኩ፣ አልመጣችም አለችኝ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ማንም ያደርገው ነበር። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ነፋሱ ስላልቆመ እዚያው አደረች። አልጋውን ለእሷ ለቀቀ፣ እሱ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ድመቱን ታቅፎ አደረ። በማግስቱ መንገዱ ሲጠረግ ሐኪም ጋ ወሰዳት። ሐኪሙ የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክቶ «ትንሽ ብትቆዪ እነዚህን ታጫቸው ነበር» አላት። ኦረስት ያን ሲሰማ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ጠበቃት።

ኤልቪራ መቆም እንደቻለች መጀመሪያ ያደረገችው ጠረጴዛዋ ፊት መቀመጥ ነው። ለሐኪሙ ሠራች፣ መንገዱን ለጠረገው ሠራች፣ መኪናዋን ከቦይ ለጎተተው ሠራች። እነዚህ በአንድ ከሰዓት አለቁላት። የኦረስት ተራ ሲደርስ እጇ ቆመ።

መጀመሪያ አበባ ሞከረች። ሐምራዊ ወረቀት ቆርጣ፣ ጫፍ ጫፉን በዕንቁው ቀለም ቀብታ፣ መሀሉ ላይ ፈርጥ አስቀመጠች። ራቅ አድርጋ አየችውና ይሄ ለልጃገረድ ምርቃት ነው ብላ ወደ ጎን ገፋችው። ወፍ ሠራች፤ ወፉ የዳክዬ መልክ አመጣ። የመጨረሻው ላይ ብልጭልጭ የሚባል ነገር አላስጠጋችም፤ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ አለቀ። ማክሰኞ ፈርን መጥታ አነሣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኦረስት ካርድ።»

«ከባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው የሚመስለው።»

«ብልጭልጭ አይወድም። በሰው ፊት ነው የተናገረው። አንቺም ነበርሽ፣ ስቀሻልም።»

«ስቄያለሁ፣ ያስቅ ነበራ። ግን ያለ ብልጭልጭ ከላክሽለት ሌላ ሰው የላከው ነው የሚመስለው።»

«ካደረግኩበት ደግሞ ስድብ ነው።»

«እንግዲያው ደውለሽ አመስግኚው፣ ምን ያደክምሻል።»

«ደወልኩ። ምንም አይደል ብሎ ስለ ድመቱ ሲያወራኝ ቆየና ዘጋው።»

ፈርን መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካክላ «እግዜር ይርዳሽ» አለችና ወደ ራሷ ወረቀት ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ኤልቪራ ቁርሷን ሳትበላ ተቀመጠች። በዓይኗ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ የታዩት ሁለት ቢጫ መብራቶች። እንግዲህ እሱን እሠራለሁ አለች። እንደ ምሽት ሰማይ የጠቆረ ሰማያዊ ወረቀት መረጠች። ከወርቃማው ፎይል ሁለት ክብ ቆረጠች፣ ምስር የሚያክሉ፣ በወረንጦ ይዛ አስቀመጠቻቸው። ከኋላቸው ትራክተሩን በጥቁር ወረቀት አወጣችው፤ ብዙ አይታይም፣ ጥላ ብቻ። ከዚያ ቀጭን ሙጫ ቀባችና እጅግ የላመውን፣ ዱቄት የሚመስለውን ነጭ ብልጭልጭ ከጨው መነስነሻው በሰያፍ ነሰነሰችበት፤ ነፋስ የሚወስደው በረዶ መሰለ። ሲደርቅ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ሙጫ በለስላሳ ብሩሽ ደረበችበት። ደረቀ። ደገመችው። ደረቀ። ሠለሰችው። በመጨረሻ ጥቁር ፎጣ ዘርግታ ካርዱን በላዩ ላይ አራገፈችው፣ በጣቷ መታችው፣ ገለበጠችው። ፎጣው ላይ አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም።

የሚጻፈው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ረጅም አድርጋ ጻፈች፣ ቀደደችው። «ውድ አቶ ኮቫልቹክ» ብላ ጀመረች፣ እግሯን ያጠበላትን ሰው እንዲህ ማለት አስጠላት። በመጨረሻ ውስጡ ላይ «መጣህልኝ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ኤልቪራ» አለች፣ አሸገችው፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ፖስታ ቤት ሄዳ ጣለችው።

ከሳምንት በኋላ ፖስታ የምታድለው ወጣት በሩን አንኳኳች። ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ብሏት ነው። «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የመኪና ዕቃ?» ብላ አንድ ወፍራም ነገር ሰጠቻት።

ከመኖ ከረጢት የተቆረጠ ቡናማ ወረቀት ነበር፣ ዳር ዳሩ በቆርቆሮ መቀስ የተቆረጠ። ፊቱ ላይ ከጣሳ የተሠራች መኪና ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ተለጥፋለች። በረዶው ከብረት መሞረጃ የወደቀ ፍቅፋቂ ነው፣ የነሐስና የአሉሚኒየም፣ በብረት ማጣበቂያ የተጣበቀ። ከመኪናዋ ኋላ ለመብራት ምልክት ቀይ አንጸባራቂ ፕላስተር አለ። ኤልቪራ መስኮቱ ጋ ወስዳ አዘነበለችው፤ ፍቅፋቂው ብርሃን ሲያገኝ እሷ ያላት ብልጭልጭ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል አያበራም። ስትከፍተው ጣቷን ቆረጣት። ውስጡ በአናጢ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ካርድሽ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። አንድም አልረገፈም። ለምን? ኦረስት።»

ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ ደጋግማ አነበበችው። አመሰግናለሁ የሚለው ገብቷታል። የመጨረሻው ቃል ግን ምን ማለት ነው? ሙሉ ቀን ሲከነክናት ዋለ። በሚቀጥለው ቀን አንድ ጠርሙስ የቤሪ ማርማላታ ይዛ፣ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ እርሻው ነዳች። ኦረስት በሩን ሲከፍት ድመቱ በእግሯ መሀል ሾልኮ ወጣ።

«ለምን ማለትህ ምን ማለትህ ነው?» አለችው።

«መጀመሪያ ደህና ዋልክ ይባላል።»

«ደህና ዋልክ። ለምን ማለትህ ምን ማለትህ ነው?»

አስገባትና ሻይ ጣደ። ካርዷ ጠረጴዛው ላይ በስኳር ዕቃው ተደግፎ ቆሟል። «አንድም አልረገፈም» አለ። «አራገፍኩት፣ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አደረግኩት። ምንም የለም። የአንቺ ካርድ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«እንዳይረግፍብህ ብዬ ነዋ ሦስቴ ሙጫ የደረብኩበት። በብልጭልጬ ተሠቃይተህ የለ?»

«ማነው ተሠቃየሁ ያለው?»

«አንተ ነህ። በሕዝብ ፊት።»

ኦረስት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የታራስ ቀብር ዕለት ጠዋት ፖስታ ቤት ጎራ አልኩ። ካርድሽ እዚያ ነበር፣ ራሴ ነኝ ከክምሩ ያወጣሁት። አንብቤ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አወጣሁት። መቃብሩም ጋ አወጣሁት። ምን የሚያዝ ነገር አለኝ ሌላ? እጄ ብልጭልጭ ብቻ ሆኗል፣ በዚያው እጄ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ስቴፋ፣ የታራስ ሚስት፣ እሱ ከሞተ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ነበረች። አታለቅስ፣ አትበላ፣ አትናገር። በቁሟ ትሞታለች ብለን ፈርተን ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ‹ኦረስት፣ ፊትህን ምን ነካው?› አለችኝ። ሳቀች። እዚያው መቃብሩ ላይ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረላት፣ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ማታ እህል ቀመሰች። እኔ ይህን ልናገር ነበር የተነሣሁት። ላመሰግንሽ ነበር። ከሚያስቀው ብጀምር ይቀለኛል ብዬ ጀመርኩ፣ ሰው ሳቀ፣ የቀረው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

ኤልቪራ ቀና ብላ አየችው። ከሁሉ በፊት የመጣባት ንዴት ነው።

«ስድስት ዓመት፣ ኦረስት።»

«አንቺ ‹ደህና ዋሉ› ስትዪኝ ከየት ልጀምር?»

«‹ደህና ዋልሽ› ከማለት።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ።

ሻዩ ፈላ። ኤልቪራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች፤ እሱም ኩባያ የሚፈልግ መስሎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆየላት። ያቺ ካርድ መሳቂያ ነበረች ብላ ስታፍርባት ኖራለች። ለካ ሰው ተደግፎባት ቆሟል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይነገራት ብትሞት ኖሮ ምን ይባላል ብላ አሰበችና፣ ቦዩ ውስጥ ስላልቀረች ሁለተኛ ጊዜ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ኦረስት ማርማላታውን በዳቦ ቀብቶ እየበላ «ስቴፋ አሁን ሳስካቱን ከተማ ነው ያለችው፣ የአረጋውያን ቤት» አለ። «በስልክ ብዙ አንጫወትም፣ ጆሮዋ ደክሟል። አንድ ካርድ ልሠራላት አስቤ ነበር። ግን ሥራዬን አይተሽዋል።»

«አይቼዋለሁ» አለች የተጠቀለለውን ጣቷን እያሳየች። «ማክሰኞ ና። ማጣበቂያህን እዚሁ ተወው።»

ማክሰኞ የኦረስት መኪና ደጅ ሲቆም ፈርን መቀሷን አስቀመጠች። «ጆሮዬ ነው ወይስ ወንድ ነው የገባው?» አለች።

«ወንድ ነው» አለ ኦረስት ኮፍያውን አውልቆ። «ካላስቸገርኩ።»

«አታስቸግርም። የምናማው ሰው አልቆብን ነበር።»

ኤልቪራ ወንበር ሰጠችው። ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለ፤ ወረንጦው በጣቶቹ መሀል ጠፋ። ሙጫውን እንደ ቅባት ለቀለቀው። «ቀንስ፣ ሞተር አይደለም የምታለሰልሰው» አለችው ፈርን። ቀነሰ። ስቴፋ በወጣትነቷ የምትወደው ቢጫ ቀሚስ ነበራት፤ እሱን ነው መሥራት የፈለገው። ኤልቪራ እንደ ሐር የሚያብረቀርቀውን ወረቀት እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየችው፣ አጠፈ፣ ተቀደደ፣ ሌላ ሰጠችው። ከብዙ ወረቀት በኋላ ቀሚስ የሚመስል ነገር ወጣ። ወርቃማውን ብልጭልጭ ነስንሶ ሲጨርስ ኤልቪራ ያን ብርሃን የሚያስተላልፈውን ሙጫ አቀረበችለት።

«ይሄን ደርብበት፣ እንዳይረግፍ።»

«አልደርብም» አለ። «እንዲረግፍ ነው የምፈልገው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ፈርን ጉሮሮዋን ጠርጋ «እኔ የምልሽ ኤልቪራ፣ ሻይ የለም እዚህ ቤት?» አለች።

ካርዱን በፖስታ አላመነውም። ፖስታ ሲያድል የኖረው ሰው ራሱ «እኔ የማውቀውን አንቺ አታውቂም» አለና መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከኤልቪራ ጋር ወደ ሳስካቱን ነዱ። ስቴፋ መስኮት ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ አገኟት፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ በደንብ የተበጠረ፣ ዓይኗ ንቁ። ካርዱን ስትከፍተው ብልጭልጩ ብርድ ልብሷ ላይ ፈሰሰ። በጣቷ እያነሣች አየችው፣ ቀሚሱን አየችው፣ ውስጡን አነበበች። ኦረስት ውስጡ ላይ ምን እንደጻፈ ኤልቪራ አልጠየቀችም፤ ሲጽፍ እንደ ተማሪ በክንዱ ጋርዶት ነበር። ስቴፋ አንብባ ስትጨርስ የባሏን ወንድም እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ኤልቪራ ዞረች።

«አንቺ ኤልቪራ ነሽ። እናንተ ሁለታችሁ ተኳርፋችኋል ሲባል ነበር የሰማሁት።»

«ታረቅን» አለ ኦረስት ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማው።

«አትጩህ፣ ሰው ተኝቷል» አለችው። ኤልቪራን ግን እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ያን ካርድ ማን ሠራው ብዬ ስጠይቅ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን አመጣታለሁ ይለኝ ነበር። አመሰግናለሁ፣ እህቴ።»

ኤልቪራ በዕድሜዋ ብዙ ምስጋና ጽፋለች፤ እንዲህ በእጅ ተይዛ ስትመሰገን ግን የመጀመሪያዋ ነው። «እኔም» ብቻ አለች።

ከጎን ያለችው ሴትዮ ካርዱን ልይ አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን እየመታ መጥቶ፣ የጋብቻ በዓላችን ደርሷል፣ ሚስቴ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው ያለችው፣ እንደዚህ ያለ ማን ይሠራልኛል ብሎ ጠየቀ። ኤልቪራ ኦረስትን አየችው፤ ኦረስት ጣራውን አየ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየወሩ አንድ ቀን ኤልቪራ ወረቀቱንና ጠርሙሶቹን በሣጥን ትሞላለች፣ ኦረስት መኪናውን አሙቆ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፈርንም ኋላ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ስለ አነዳዱ ታስተምረዋለች። ስንዴው በተዘራበት ሰሞን በአረጋውያኑ ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ይጠብቋቸው ጀመር። እጁ የሚንቀጠቀጥ ይነሰንሳል፣ ዓይኑ የደከመ ወረቀት ያጥፋል፣ የማይችለው ቀለም ይመርጣል። ኦረስት ከቤቱ የነሐስ ፍቅፋቂ በጣሳ ያመጣል፤ ጫፍ ጫፉን በሞረድ አለስልሶታል፣ ወንዶቹ ከብልጭልጩ ይልቅ እሱን ይወዱታል።

አንድ ቀን በእንዲህ ያለ ሥራ መሀል ኤልቪራ ውኃ ቀድታ በኮሪደሩ ስትመለስ ኦረስት የቆሸሹ ብሩሾች ይዞ ሲመጣ ተገናኙ። ከአዳራሹ የሽማግሌዎቹ ጭቅጭቅና ሳቅ ይሰማል። ቆም አለች።

«ኦረስት» አለችው። «አመሰግናለሁ። ስለዚያን ቀን።»

ብሩሾቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ማንም ያደርገው ነበር ሊል አፉን ሲከፍት አየችው፤ ተወው።

«እሺ» አለ። «ደግ ነው ያልሽኝ።»

ከውስጥ የስቴፋ ድምፅ መጣ። «እናንተ ሰዎች፣ ቢጫው አለቀ፣ የት ነው የምትቆሙት?»

ኤልቪራ ውኃውን ኦረስትን አስይዛ ቢጫውን ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች።